«ሴቭ አድርጉ» ካላችሁን፣ ረስተን ስንወጣም ንገሩን

ጂቡቲ ከተማ ተቀምጠን ከአገር ቤት ጋር የምንነግድ ሰዎች በሁለት ገንዘብ መካከል ነው የምንኖረው። የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ እንደቆመ ነው። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ስለዚህ ለእኛ የምንዛሪ ቁጥር አንዴ ሞልተነው የምንረሳው ሴቲንግ አይደለም። በየጊዜው ገብተን የምንቀይረው፣ ትርፍና ኪሳራችን ያለበት ቦታ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አዲሱን ምንዛሪ በሽያጭ ፕሮግራማችን ላይ አስገባን። ገና ከወንበሩ ሳንነሳ ስልክ ተደወለ፤ ሾፌራችን ደወሌ ላይ ወረቀት ጎድሎበት ቆሟል። ወረቀቱን ለመፈለግ ወደ ሌላ ገጽ ተሻገርን። ማስቀመጫው ቁልፍ በፈረንሳይኛ «አንረዢስትሬ» ተብሎ ከገጹ ታች ነበር፤ አልተጫንነውም። ፕሮግራሙም ምንም ሳይለን ቁጥራችንን ጣለው። ድሬዳዋ ያለው ሱቃችን ሁለት ቀን ሙሉ በአሮጌው ምንዛሪ ሸጠ። ደረሰኝ ቆርጠህ የሸጥከውን ዕቃ «ተሳስቼ ነው፣ ጨምር» አትልም። ልዩነቱን ከኪሳችን ከፈልን።

«ቁልፉን አለመጫን የእናንተ ጥፋት ነው» የሚለን አለ። እሺ፣ ረስተናል። ግን አንድ የሱቅ ልጅ ደንበኛ ቦርሳውን ባንኮኒ ላይ ረስቶ ሲወጣ አይቶ ዝም ቢል፣ «የረሳው እሱ ነው» ብለን እናልፈዋለን?

የባለሙያዎቹ ክርክር ግን ሊሰማ ይገባል። አላን ኩፐር የሚባለው አሜሪካዊ የሶፍትዌር ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ላስቀምጠው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አጥብቆ ተችቷል። ማሽኑ ራሱ ማስቀመጥ ሲችል ሰውን ለምን ያስጨንቃል ነው ነገሩ። ለብዙ ነገር እውነት ነው። የስልካችንን ብርሃን ስንቀንስ ወዲያው ይቀንሳል፤ ማንም አይጠይቀንም፣ መጠየቅም የለበትም። ማስጠንቀቂያ ሲበዛም ሰው ሳያነብ «ኦኬ» ማለት ይለምዳል።

ምንዛሪ ግን ብርሃን አይደለም። 125 ልንጽፍ 12 ላይ ስንደርስ ፕሮግራሙ ራሱ ቢያስቀምጠው፣ ሱቁ በዚያው ቅጽበት በ12 ይሸጣል። ስለዚህ ቁልፉ ይኑር እንላለን። ነገር ግን ቁልፍ ያስቀመጠ ሰው ኃላፊነትም ወስዷል፦ ሳንጫነው ስንወጣ ሊነግረን ይገባል። አይቻልም እንዳይሉን፣ ክሮምም ፋየርፎክስም ያልተቀመጠ ነገር ያለበት ገጽ ሲዘጋ ሰውን የሚጠይቁበት መንገድ አላቸው። በፕሮግራሙ ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ ሲኬድ መጠየቅ ደግሞ የሠሪው የራሱ ሥራ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የተቀየረ ነገር ካለ ብቻ ይጠይቀን፤ ገብተን አይተን ስንወጣ አያሰልቸን። ሁለተኛ፣ ምን እንደተቀየረ ይንገረን፦ «ምንዛሪው 120 ነበር፣ 125 አድርገኸዋል፤ ይቀመጥ?» ሦስተኛ፣ በምናነበው ቋንቋ ይሁን። ፈረንሳይኛውን ከሥራ ብዛት የለመድነው አለን፤ ሱቅ የሚጠብቁት ልጆቻችንና እናቶቻችን ግን አማርኛ ቢሆን ይረዱታል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። እኛ ጽፈንም ጠፋብን።

ስለዚህ ወገኖች፣ የሽያጭ ወይም የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ይህን ሞክሩ፦ አንድ ቁጥር ቀይሩ፣ ሳታስቀምጡ ከገጹ ውጡ። ዝም ካለ፣ እናንተም ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።