ቆሞ መቅደም

ስለ እሽቅድምድም ሲነገር በሁላችንም ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ላብ፣ አቧራና ጭብጨባ ነው። ፈጣኑ ይቀድማል፤ ዘገምተኛው ይቀራል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። ዛሬ ግን፣ አንባቢዎቼ፣ ስለ ሌላ ዓይነት እሽቅድምድም ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። በዚህኛው ጕልበተኛው ሁልጊዜ አይቀድምም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከብዙዎቹ የሚቀድመው መልሕቁን ጥሎ ጸጥ ብሎ የቆመው ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቂት ታግሣችሁ ብትከተሉኝ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ።

በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ፣ ከዋናው ምድር ጥቂት ራቅ ብላ፣ ዋይት የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዋናው ምድር የሚለያት ሶለንት የተባለው ጠባብ ባሕር ሲሆን፣ በሰሜን ጫፏ ካውዝ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ትገኛለች። ባለ ሸራ ጀልባ የሚወዱ ሰዎች ካውዝን እንደ ዋና ከተማቸው ይቈጥሯታል።

የደሴቲቱ ስም በእሽቅድምድም ታሪክ የገነነው በ1851 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ኦገስት 22 ቀን «አሜሪካ» የተባለች፣ ከኒው ዮርክ የመጣች መርከብ ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር ደሴቲቱን ለመዞር ተወዳደረች። በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ከጧቱ በ4 ሰዓት ተነሥተው፣ አሜሪካ አንደኛ ሆና የደረሰችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ላይ ነበር። ዋንጫውም በኋላ በእርሷ ስም ተጠርቶ እስከ ዛሬ የታወቀ ሆኖ ቀረ። ይህን ብዙ ሰው ያወራዋል። ሁለተኛ ሆና የደረሰችውን ግን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። ስሟ አውሮራ ነበር። አሜሪካ 170 ቶን ስትሆን አውሮራ 47 ቶን ብቻ ነበረች። ማምሻውን ነፋሱ ሲደክም ትንሿ ትልቋን እየተጠጋቻት መጣች፤ የተበለጠችውም በጥቂት ደቂቃዎች ነበር። በዚያን ቀን ግን ለመጠን ልዩነት የታሰበ ምንም ነገር ስላልነበረ ዋንጫው ለትልቋ ሆነ።

ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1931 ዓ.ም.፣ ሻለቃ ሲረል ዊንድለር የተባለ ሰው በዚያችው ደሴት ዙሪያ ለትናንሽ ጀልባዎች የሚሆን ውድድር አሳሰበ። በካውዝ ያለው አይላንድ ሴይሊንግ ክለብም አዘጋጀው። በመጀመሪያው ዓመት የቀረቡት 25 ጀልባዎች ነበሩ። ያሸነፈው ፒተር ብሬት ሲሆን፣ ጀልባው ርዝመቷ 22 ጫማ፣ ማለት 7 ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ የኮርንዎል ዓሣ አጥማጆች የሚይዟት ዓይነት ነበረች። ውድድሩ ከዚያ ወዲህ አድጎ በብዙ ዓመታት ከ1,000 የሚበልጡ ጀልባዎች የሚሰለፉበት ሆኗል።

ትንሿ ጀልባ ከትልቋ ጋር እንዴት ትወዳደራለች ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ጀልባ እንደ ርዝመቱ፣ እንደ ክብደቱና እንደ ሸራው ስፋት አንድ ቍጥር ይሰጠዋል፤ የፈጀው ጊዜም በዚያ ቍጥር ይባዛል። ለምሳሌ አንድ ትልቅ ጀልባ ቍጥሩ 1.2 ቢሆንና በ8 ሰዓት ቢደርስ፣ የሚታሰብለት 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ቍጥሩ 0.9 የሆነ ትንሽ ጀልባ በ10 ሰዓት ቢደርስ የሚታሰብለት 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣው አሸነፈ ማለት ነው። ዳኛው የሚጠይቀው «ማን ቀድሞ ደረሰ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ማን በተሰጠው መሣሪያ አብልጦ ሠራበት?» ብሎ ነው። ስንቱ ፈተናና ስንቱ ሹመት በዚህ ሒሳብ ቢታሰብ ውጤቱ ይለወጥ ነበር!

በእነዚህ ጀልባዎች ላይ የሚሳፈሩት አብዛኞቹ አማተሮች ናቸው። አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ነገሩን ስለሚወድ የሚሠራ ሰው ነው። የአገሩ ታላላቅ ሰዎችም አይቀሩም፤ ከ1970 እስከ 1974 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኤድዋርድ ሂዝ ይህን ውድድር ከአንድ ጊዜ በላይ አሸንፏል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሳምንቱን በመሥሪያ ቤት፣ በሱቅ ወይም በትምህርት ቤት የሚውሉ፣ ሰኞ ጧት ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። አባት ከልጁ ጋር፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ይሳፈራል።

መንገዱ 50 የባሕር ማይል፣ ማለት 93 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከካውዝ በመድፍ ተኩስ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ ኒድልስ ማለት «መርፌዎች» የተባሉትን ነጫጭ የጠመኔ ዓለቶች ይዞራሉ፤ ደሴቲቱን በስተ ደቡብ ታክከው በሴይንት ካትሪን ጫፍ ያልፋሉ፤ በስተ ምሥራቅ በቤምብሪጅ ዞረው እንደ ገና ወደ ካውዝ ይመለሳሉ። በ2017 ዓ.ም. ጠንካራ ነፋስ ያገኘች ባለ ሦስት ቀፎ ጀልባ ይህን ሁሉ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ዞራለች። ነፋስ በደከመባቸው ዓመታት ግን ትናንሾቹ ከጧት እስከ ማታ ይጓዛሉ፤ በመቶ የሚቈጠሩትም የመድረሻው ሰዓት ሳይዘጋባቸው መጨረስ አቅቷቸው ይቀራሉ። እኔ ላጫውታችሁ የወደድሁት ስለ እነዚህ ደካማ ነፋስ ስላለባቸው ቀኖች ነው፤ የሰው ጠባይ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና።

አስቀድሞ ስለ ነፋሱ ልንገራችሁ። ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ዳገት የሚወጣ መንገደኛ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ጀልባውም አንድ ጊዜ በስተ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ በስተ ግራ እያለ ይወጣል። ነፋሱ ጥቂት ዞር ባለ ቍጥር አንዱ መንገድ ያጥራል፤ ሌላው ይረዝማል። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ከምድሩ በላይ ያለው አየር ሽቅብ ይወጣና ቀዝቃዛው የባሕር አየር በቦታው ይገባል፤ ስለዚህ የጧቱ ነፋስና የከሰዓት በኋላው ነፋስ ከአንድ ወገን አይመጡም። ከከፍተኛ ገደል ሥር ደግሞ ነፋሱ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን የሚያውቅ ሰው ጀልባው ላይ ሆኖ አይጮኽም፤ አይቸኩልም። ውኃው ላይ ጠቈር ያለ ሽብሽብ ሲያይ ነፋስ በዚያ በኩል እየመጣ መሆኑን ያውቃል። የሩቅ ጢስ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ባንዲራ ወዴት እንደሚውለበለብ፣ ከፊት ያሉት ጀልባዎች ሸራ እንዴት እንደ ሆነ ይመለከታል። ረዳቶቹም ያለ ነገር አይነሡም፤ አንድ ሰው ብድግ ቢል ጀልባው ይናወጣል፤ በሸራው ውስጥ የነበረችውም ጥቂት ነፋስ ትፈስሳለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረታችን ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ መልሕቁ እንመለስ። በዚያ ባሕር ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ሲሞላና ሲጎድል በጠባቡ ሶለንት ውስጥ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ በተለይ በስተ ምዕራብ ኸርስት በተባለው ጠባብ በር ላይ ኀይሉ ብርቱ ነው። ነፋስ ሲደክምና ይህ ወራጅ ውኃ ፊት ለፊት ሲመጣ አንድ የሚያስገርም ነገር ይሆናል። በጀልባው ላይ ያለው ሰው ጐንበስ ብሎ ቢያይ ውኃው ከጀልባው ሥር ወደ ኋላ ሲያልፍ ያያል። ሸራው በመጠኑ ተነፍቷል፤ መሪው ይታዘዛል። ሁሉ ነገር «እየሄድህ ነው» ይለዋል። ነገር ግን ቀና ብሎ ምድሩን ቢመለከት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ያለፈው ዛፍ አሁን ከፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። ለካ ወደ ኋላ ሲሄድ ቈይቷል!

ስለዚህ ብልኆቹ ውኃውን አይመለከቱም። በምድር ላይ አንዱ ከአንዱ ጀርባ የሚታዩ ሁለት ነገሮችን፣ አንድ ዛፍና አንድ የቤተ ክርስቲያን ጕልላት እንበል፣ ምልክት አድርገው ይይዛሉ። የኋለኛው ምልክት ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ወዴት እንደሚሸሽ አይተው እውነተኛውን ጉዞአቸውን ያውቃሉ። ወደ ኋላ መሄዳቸውን በተረዱ ጊዜ መልሕቃቸውን ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ውኃው ያወርዳሉ። ከዚያ በኋላ እነርሱ ይቆማሉ፤ ሸራቸውን ነፍተው «እንሄዳለን» የሚሉት ግን አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወደ ኋላቸው ያልፋሉ። ቆሞ መቅደም ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈልኝ አስቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። 11ኛ ክፍል ሳለ አባቱ ሞቱበት፤ እናቱንና ታናናሾቹን ለመርዳት ትምህርቱን ትቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ገባ። «ጋሼ፤ ጓደኞቼ ሁሉ ኮሌጅ ገቡ፤ እኔ ግን ቀረሁ፤ ከእንግዲህ ማንበቡስ ምን ይረባኛል?» ይላል። እኔም ስለዚህ ስለ መልሕቁ ነገር ጻፍሁለት። አንተ ላይ ነፋሱ ወድቋል፤ ወራጁም ከፊትህ ነው፤ ይህ ጥፋትህ አይደለም፤ ዛሬ ከአንተ የሚፈለገው መሮጥ ሳይሆን ያወቅኸውን አለማጣት ነው፤ በየማታው ለግማሽ ሰዓት መጽሐፍህን ክፈት፤ ያ መልሕቅህ ነው አልሁት።

እናንተም በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ይህን ነገር አስቡት። መዝገብ ይመጣል፤ ይፈረምበታል፤ ይወጣል፤ ሌላ ይተካል። ወረቀቱ በጠረጴዛችን ላይ ሲያልፍ እኛ የምንሄድ ይመስለናል። ተማሪዎችም እንደዚሁ ገጹ ሲገለጥ ዕውቀት የገባ ይመስላቸዋል። የሚያልፈው ውኃ ነው። ቀና ብለን የምናየው ምልክት ያስፈልገናል። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር የማልችለው፣ ዛሬ ግን የምችለው ሥራ ምንድር ነው? ያን ጊዜ ግራ ያጋባኝ፣ አሁን ግን ለሌላ ሰው ላስረዳው የምችለው ነገር የቱ ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ ሸራችን ተነፍቶ ወደ ኋላ እየሄድን ነው ማለት ነው።

ነገር ግን መልሕቅ አልጋ አይደለም። የውድድሩ ደንብ መልሕቅ መጣልን ይፈቅዳል፤ ደግሞም ጉዞ ሲቀጥል መልሕቁን አንሥቶ መሄድ ግዴታ ነው ይላል። መልሕቁን ጥሎ የሚተኛ ሰው ነፋሱ ሲመለስ ሳያየው ይቀራል። ቆሞ የሚቀድመው ቆሞ የሚጠብቅ፣ ዓይኑን ከውኃው ሽብሽብና ከሩቁ ጢስ ላይ የማይነቅል ሰው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ከእነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ ሞተር አላቸው። ነፋስ በጠፋ ጊዜ አንዲት ቍልፍ ማዞር ብቻ ይበቃል፤ በአጠገብ ዳኛ የለም፤ ጭጋግም ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በሞተር ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ከውድድሩ መውጣቱን ራሱ ይናገራል እንጂ ጨረስሁ አይልም። እንዲሁም የሌላውን መንገድ ያለ አግባብ የከለከለ ሰው ማንም ሳይከሰው ጀልባውን ሁለት ጊዜ በቦታው አዙሮ ራሱን ይቀጣል። ቅጣቱን ሲፈጽም ሌሎቹ ያልፉታል፤ እርሱ ግን ስሙን ይዞ ይቀጥላል።

ልጁ በሁለተኛው ደብዳቤው የማታ ትምህርት ቤት መመዝገቡን ጽፎልኛል። ኮሌጅ ይግባ አይግባ አላውቅም፤ ሽብሽቡ ግን በእርሱ በኩል መታየት የጀመረ ይመስለኛል። እናንተም ነገ ጧት ወደ ሥራችሁ ስትገቡ አንድ ዛፍና አንድ ጕልላት ምረጡ። በሚቀጥለው ጽሑፍ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።