የትምህርት ቤት ደጅና የፍጥነት ካሜራ

ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ አደራ የሚሰጠው ለአስተማሪው ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ለሚያልፈው ሾፌርና መንገዱን ለሚጠብቀው ሹም ጭምር ነው። ሕፃን የመኪናን ፍጥነት በዓይኑ መዝኖ ለመወሰን ገና አልበሰለምና፥ የጥንቃቄው ሸክም ሊወድቅ የሚገባው በትልቁ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ በካናዳ አገር፥ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ዓመተ ምሕረት የተደረገው የሕግ ለውጥ፥ መንገድንና ፖሊስን የሚያስተዳድር ሁሉ ሊመረምረው የሚገባ ነገር ነው።

የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በ2017 ባወጣው ሕግ፥ ከተሞች በትምህርት ቤቶች አካባቢ ፍጥነትን የሚለካና የመኪናውን ሰሌዳ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ እንዲያቆሙ ፈቀደ። የቶሮንቶ ከተማም በ2020 በጁላይ ወር በዚሁ መሣሪያ መቅጣት ጀመረች። ካሜራው ነጂው ማን እንደ ሆነ ስለማይለይ፥ መቀጫው የሚደርሰው ለመኪናው ባለቤት ነው፤ በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብም የለበትም።

ፍጥነት ሲጨምር አደጋው የሚያድገው በዚያው ልክ ብቻ አይደለም። በደረቅ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፥ ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፥ 13 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ያለው 15 ሜትር፥ ኳስ ተከትሎ ወደ መንገድ ለገባ ሕፃን የሞትና የሕይወት ድንበር ነው።

የቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታልና የቶሮንቶ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 250 የትምህርት ቤት አካባቢዎችን መርምረው በ2025 ባወጡት ጥናት፥ ካሜራው ከቆመ በኋላ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ የሚነዱት በመቶ 45 እንደ ቀነሱ አስታወቁ። የኦንታሪዮ የፖሊስ አለቆች ማኅበርም መሣሪያው ጠቃሚ መሆኑን መሰከረ። ፖሊስ በየትምህርት ቤቱ ደጅ ቀኑን ሙሉ ሊቆም አይችልምና ምስክርነታቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህም ሆኖ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚስተር ዳግ ፎርድ፥ ካሜራው ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል በማለት ሕጉን አስለወጡ፤ ከኖቬምበር 14 ቀን 2025 ጀምሮም ተከለከለ። በምትኩ ትልልቅ ምልክቶችና መኪናን የሚያዘገዩ የመንገድ ጕብታዎች እንዲሠሩ ታቀደ።

ቅሬታው ከቶ መሠረት የለውም ማለት አይገባም። መቀጫው በደብዳቤ የሚመጣው ጥፋቱ ከተፈጸመ ከቀናት በኋላ ስለሆነ፥ ጥፋተኛው በዚያች ሰዓት የሚገሥጸው የለም፤ ገንዘቡም ለከተማው ስለሚገባ ሕዝቡ የዳኛውን ቅንነት ይጠራጠራል። በቶሮንቶ አንዳንዱ ካሜራ በሌሊት ደጋግሞ እስከ መቈረጥ የደረሰው፥ ሕጉ በአንዳንዶች ልብ ስላልተተከለ ነው።

ነገር ግን ሚዛን አጕድሏል የተባለ ነጋዴ ሚዛኑ ይታረማል እንጂ መመዘን አይቀርም። ከካሜራው በፊት ግልጽ ምልክት ማቆም፥ የመቀጫውን ሒሳብ ለሕዝብ ማስታወቅ፥ ገንዘቡንም ለእግረኛ መሻገሪያ ብቻ ማዋል ጥርጣሬውን ባስወገደ ነበር። ደግሞም ካሜራው በትክክል ከሠራ ነጂው ይታረማል፥ መቀጫውም ዓመት በዓመት ይቀንሳል። ስለዚህ የሥራው ስኬት የሚለካው ወደ ግምጃ ቤት በገባው ገንዘብ ሳይሆን በደኅና ወደ ቤታቸው በተመለሱት ልጆች ነው።

ጕብታውም ምልክቱም መልካም ነው፤ ነገር ግን ጕብታ ለመሥራት ጊዜ ያስፈልጋል፥ አውቶቡስና የእሳት አደጋ መኪና በሚበዙበት ሰፊ ጎዳናም ሁሉ አይመችም። አዲሱ ጥበቃ ሳይቆም አሮጌውን ማንሣት፥ አጥሩ ሳይታጠር ዘበኛውን እንደ ማሰናበት ነው። ሹማምንት ማናቸውንም ደንብ ሲለውጡ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው፥ ነገ ጧት ያንን መንገድ የሚሻገረውን ሕፃን በመካከሉ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን ነው።