ኃይሉን ማን ሰጣቸው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ሳይንስ ፊክሽን ቢያነሳ መልሱ አንድ ነው፤ «እሱ የፈረንጅ ነው፣ ብር ይፈልጋል።» አስፈሪ ፊልም ቢያነሳ ደግሞ «ሕዝባችን አይወደውም» ይሉታል። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች የፍቅር ኮሜዲ እያባዛ ለኖረ ኢንዱስትሪ ምቹ ማምለጫ ሆነዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም።

ሁለተኛውን ለማፍረስ ብዙ አያደክምም። በቪዲዮ ቤቶች ዘመን በምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮም ሆነ ገለምሶ፣ ሂርናም ሆነ በዴሳ ያደገ ወጣት፣ ቋንቋው ሳይገባው አግዳሚ ላይ ተጣብቦ የሚያየው ምን እንደነበር ያውቃል። የሚያስጮኸውን ፊልም ፈልጎ ከፍሎ ይገባ ነበር፤ ክፍል ሁለት መጣ ከተባለማ ወረፋው ሌላ ነው። አይወደውም የተባለው ያ ሕዝብ ነው።

የገንዘቡ ወሬ ትንሽ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ካናዳዊው ዴቪድ ክሮነንበርግ በ1981 እ.ኤ.አ. «ስካነርስ» የሚባል ፊልም አወጣ። የሰው ሐሳብ የሚሰሙ፣ ትኩር ብለው በማየት ብቻ የሌላውን አካል የሚያውኩ ሰዎች ታሪክ ነው። ካናዳ ያኔ በአገር ውስጥ ፊልም ላይ ገንዘቡን ለሚያውል ሰው የግብር ቅናሽ ትሰጥ ስለነበር፣ ቀረጻው ዓመቱ ሳይዘጋ መጀመር ነበረበት። ስለዚህ ጽሑፉ ሳያልቅ ካሜራው ተነሣ፤ ዳይሬክተሩ ጠዋት ጠዋት እየጻፈ ቀን ቀን ይቀርጽ ነበር። እስከ ዛሬ የሚወራለት የሚፈነዳው ጭንቅላት ከጂፕሰም ተሠርቶ በጄላቲን የተሸፈነ፣ የላቴክስ ቁርጥራጭ፣ ሰምና የተረፈ ሃምበርገር የታጨቀበት ነው። አንድ ባለሙያ ከኋላው ተደብቆ በአደን ጠመንጃ መታው፤ በቃ። በመጨረሻው ፍልሚያ የሚያብጡት የደም ሥሮችም የሜካፕ ባለሙያው ዲክ ስሚዝ እጅ ሥራ ናቸው። የቀረው ፍርሃት ሁሉ የመጣው ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ፊታቸውን በቅርብ ከመቅረጽና ከድምፅ ነው። የእኛ ኮሜዲ እኮ ቢያንስ ቪላና መኪና ይከራያል!

እኛም አገር ተሞክሯል። «ክራምብስ» በ2015 እ.ኤ.አ. በትንሽ ገንዘብ፣ በአማርኛ፣ ዳሎልን በመሰለ ሥፍራ ተቀርጾ ወጣ፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የዓለም ፍጻሜ ካለፈ በኋላ የሚኖሩ ጥንዶች ሆነው ተወኑበት። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ነው። በእኛ ተዋንያን፣ በእኛ ምድር የሚሠራ መሆኑን ለማየት የውጭ ሰው መምጣት ነበረበት ማለት ነው።

እንግዲህ የብሩን ወሬ እዚህ ላይ እንተወው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእኛ አገር በዓይኑ የሚያሳምም፣ የሰው ልብ የሚያነብ ሰው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቡዳ አለ፣ ዛር አለ፣ ቃልቻ አለ። ልጅ በድንገት ሲታመም «የሰው ዓይን በልቶት ነው» ይባላል፤ ወዲያው የሚከተለው ጥያቄም «የማን?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ሸክላ ሠሪዋ ላይ፣ ቀጥቃጩ ላይ ሲያርፍ ኖሯል። እጁ ሙያ የያዘ ሰው በዘሩ ቡዳ ተብሎ ጋብቻ ተከልክሏል፣ መሬት ተነፍጓል። ቤተ እስራኤሎችም ይህንኑ ስም ተሸክመው ዘመናት አሳልፈዋል። በዚህ ዓይነቱ ታሪክ ኃይሉ ከደም ይመጣል፤ ደሙ ተለይቶ ከታወቀ ምርመራው አለቀ።

ፊልሞቻችን፣ እስከማውቀው፣ ኃይሉ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ አልነኩትም። ቃልቻ ወይ እንዲያስቀን ይመጣል፣ ወይ ጢስ አጭሶ ሊያስደነግጠን። ሲያበቃ ወይ አጭበርባሪነቱ ይጋለጣል፣ ወይ ጸበል ያሸንፈዋል።

«ስካነርስ» የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ማን እንዲህ አደረጋቸው? ኃይላቸው የመጣው ኢፈመሮል ከሚባል መድኃኒት ነው። ለነፍሰ ጡሮች ማረጋጊያ ተብሎ ተሰጠ፣ የፅንሶቹን አእምሮ ለወጠ። የዘመኑ ተመልካች ታሊዶማይድን ሳያስታውስ አይቀርም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ይታዘዝ የነበረውን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ እንዲወለዱ ያደረገውን መድኃኒት። ክሮነንበርግ ያንን ወንጀል አንድ እርምጃ ወደ ቅዠት ገፋው። ሐሳብ የሚሰማው ምስኪን ሰው እርግማን የለበትም፤ መድኃኒቱን የቀመመ ዶክተር አለ፣ ከዚያ የሚያተርፍ ኩባንያ አለ። ዶክተሩ መጀመሪያ የሰጠውም ለገዛ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ነው። በዚህ ፊልም የቡዳ ክስ ከሸክላ ሠሪዋ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካው ይዞራል። ሳይንስ ፊክሽን እዚህ አገር ያስፈልጋል የምለው ለዚሁ ነው፤ መንኮራኩርማ ቢቀርም ይቅር።

ተከታዩ ፊልም ላይ ስንደርስ ነገሩ ይደበላለቃል። «ስካነርስ 2፦ አዲሱ ሥርዓት» በ1991 እ.ኤ.አ. በክርስቲያን ዱጌ ዳይሬክተርነት ተሠራ፤ ክሮነንበርግ እጁ የለበትም። የቪዲዮ ገበያ ሸቀጥ ነው ብለው የናቁት ብዙ ናቸው። እኔ ግማሹን እከራከርለታለሁ። ዴቪድ ኬለም የተባለ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ሐሳብ የመስማት ኃይል እንዳለው ይታወቃል፤ ፎረስተር የሚባል የፖሊስ አዛዥ ወንጀለኛ እንይዝበታለን ብሎ ያስጠጋዋል። አዛዡ የሚፈልገው ግን ከተማውን ራሱ ነው፤ ሌሎቹን ባለኃይሎች ሱስ በሚያስይዝ መድኃኒት አደንዝዞ መሣሪያ አድርጓቸዋል። ፊልሙ የወጣው ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው፤ ስለ ሰላምና ሥርዓት እያወራ የሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባ አዛዥ ለእኛ ተመልካች ማብራሪያ አያሻውም ነበር።

የማልከራከርለት ግማሽ ይኸውና። ጽሑፉ መንገድ ሲጠፋው ዴቪድ የመጀመሪያው ፊልም ጀግኖች ልጅ መሆኑ ይገለጥና እህቱን ፈልጎ ያገኛል። የኩባንያ ጥፋት የነበረው ኃይል የቤተሰብ ውርስ ሆነ። በእኔ ዓይን ትልቁ ውድቀቱ ይህ ነው፤ ወደ ዘር መመለሱ።

አሁን የእኛን ፊልም ልንቀርጽበት ወደምንችልበት ወደ ጭሮ። ይቺ ከተማ አሰበ ተፈሪ ተብላ የተቆረቆረችው የጨርጨርን አውራጃ በገዙት በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዘመን ነው። ሩሲያ መድፈኛነት፣ ፈረንሳይ እርሻ የተማሩት እኒህ ሰው አውራጃውን የአዲስ አስተዳደር ምሳሌ ለማድረግ ተነሥተው ነበር። ከዚያ በፊት ግን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈዋል፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን። አውሬዎች ይናገሩበታል፣ የሚወቀሱት ሹማምንት ናቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንግዲህ ቅዠት ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ሰው የተውኔታችንን መጀመሪያ ይመልከት፤ ባለሥልጣናቱ የደነገጡት በሚናገር አውሬ ነው።

ጥፋቱን ከዘር ወደ ፋብሪካ ለሚያዞር ፊልም በምዕራብ ሐረርጌ ነገሩ መሬት ላይ ነው። የጨርጨር ገበሬ ኑሮ በጫት ላይ ቆሟል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ፣ ዲዲቲ ሳይቀር ቅጠሉ ላይ እንደተገኘ በጥናት የታወቀ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ጥሬውን ይበላል፣ ብዙ ጊዜም በተቀጠፈበት ቀን። አስቡት፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ ስትረጭ የኖረች እናት አለች፤ ልጅቷ አድጋ በበርጫ ሰዓት የመንደሩን ሁሉ ሐሳብ መስማት ትጀምራለች። ምርቃናው ሲበርድ ድምፁ ይብሳል። ጎረቤቱ «ዓይኗ ክፉ ነው» ይላል። ፊልሙ ግን የመርዙን በርሜል ተከትሎ ይሄዳል፤ ማን አመጣው፣ በማን ፈቃድ፣ የላዩን ጽሑፍ ማን ላጠበት? ንግግሩ ኦሮምኛና አማርኛ የተቀላቀለበት ይሁን፤ የጭሮ ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ለወጪው አንድ ግቢ፣ አንድ መርጫ፣ ጥሩ የድምፅ ሰው ይበቃል።

«ሕዝቡ እውነት ይመስለውና ሰው ይጎዳል» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ቀላል አይደለም፣ በቡዳ ስም የተጎዳ ሰው ባለበት አገር በተለይ። ይሁንና አሁን ያለው ዝምታ ማንንም አልጠበቀም፤ ወሬው ያለ ፊልምም ሲሠራ ኖሯል። አደጋው የሚመጣው ፕሮዲዩሰሩ መሐል ላይ ገብቶ «ትንሽ ቃልቻ ጨምርበት፣ አያቷም እንደሷ ነበረች በል» ያለ ቀን ነው። ያኔ ስክሪፕቱን ይዞ መውጣት ነው። ሌላ ካሜራ ይገኛል፤ ግቢውና መርጫውም ጭሮ ውስጥ በነፃ ይገኛሉ።