የላስታ ገበሬ ወኪል ተጠሪነቱ ለማን ነው?

የላስታ ገበሬ ከ90 ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በስሙ ወኪል ሲመረጥ ቆይቷል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአመራረጡ ሥርዓት ተለዋውጧል፤ የምክር ቤቱም ስም እንዲሁ። ያልተለወጠው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌና ከተከዜ መነሻ ሕዝብን ወክሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከማንም ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ስለሆኑ ያለፈውን አመጣጥ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማቸዋል።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንትና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ደነገገ። ስለሆነም ወኪሉ የሚያመሰግነውም የሚፈራውም የመረጠውን ሹም እንጂ ገበሬውን አልነበረም። አርሶ ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ለመምረጥ አልደረሰም ተብሎ 25 ዓመት ያህል ተቀመጠ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለወንዱም ለሴቱም የመምረጥ መብት ሰጠ። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን ለአራት ዓመት እንዲልክ ተደረገ። የመጀመሪያው ምርጫ በመስከረም 1950 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ሌሎች አራት ተከተሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ተመራጭ ለመሆን በምርጫው ክልል ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ግዴታ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልተፈቀደም። ገበሬው መምረጥ ቢችልም የሚመርጠው ንብረት ካላቸው ሰዎች መካከል ብቻ ነበር።

የዚያ ሥርዓት ጉድለት በግልጽ የታየው በመጨረሻው ምርጫ ጊዜ ነው። በሰኔ 1965 ዓ.ም. የድምፅ መስጫ ጣቢያዎች ሲከፈቱ የወሎ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ በየመንገዱ ላይ ይረግፍ ነበር። ሆኖም እልቂቱን ለዓለም ያሰማው የምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሆን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የጆናታን ዲምቢልቢ ፊልም ነው። ወኪል ኖሮት ረሃቡን የሚናገርለት ያጣ ሕዝብ ወኪል አለው ሊባል አይችልም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ ምክር ቤቱም አብሮ ተዘጋ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሸፍን ክልል በማኅበር አደራጀው። በዚህ ጊዜ ገበሬው መሪዎቹንና የፍርድ ሸንጎ ዳኞቹን ከጎረቤቶቹ መካከል መምረጥ ቻለ። ዳሩ ግን ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ትእዛዝ ማድረሻ፣ የኮታ መሰብሰቢያና የወታደር መመልመያ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለ835 የብሔራዊ ሸንጎ መቀመጫዎች ምርጫ ሲደረግ ዕጩዎቹን ያቀረቡት ኢሠፓና በሥሩ ያሉት ድርጅቶች ነበሩ። የዋግና የላስታ ገጠር ደግሞ በዚያን ጊዜ የጦርነት ቀጠና ነበር።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ፣ መራጩም አመኔታ ያጣበትን ወኪል ከቦታው ሊያነሳው እንዲችል ደነገገ። ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 138ቱ ለአማራ ክልል ተመደቡ፤ የላስታም መራጭ ድምፁን የሚሰጠው ከእነዚሁ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤትም 294 አባላት ይመረጣሉ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ከ170 በላይ መቀመጫዎች አገኙ። በ2007 ዓ.ም. ግን 547ቱም መቀመጫዎች የገዥው ግንባርና የአጋሮቹ ሆኑ። ስድስተኛው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተካሄደ 45 ቀን ብቻ እንዳለፈ ላሊበላ በጦርነት ተያዘች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የገበሬ ማኅበር መሪን የሚነካው የቀበሌው ምርጫ ነው። ሕዝቡ ዛሬም ቀበሌውን ገበሬ ማኅበር ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ፤ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ምርጫ ተካሄደ። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተላለፈ፤ የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫም የገጠር ቀበሌዎችን ምርጫ አልጨመረም። የሥልጣን ዘመን ሲያልቅ ምርጫው ካልታደሰ በወንበሩ ላይ ያለው ሰው ቅን ቢሆንም እንኳ የሕዝብ ውክልናው ይሳሳል። ምርጫ በዘገየ ቁጥር መሪው ጉባኤ እየጠራ ሥራውን ለሕዝብ ማስረዳት የበለጠ ግዴታው ይሆናል።

ሌላው ሊሰመርበት የሚገባው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ላስታ ድርቅ የሚደጋግመው አገር ነው። የመሬቱን ይዞታ፣ የእርዳታውን እህል፣ የማዳበሪያውን ድልድልና የመራጩን ስም የሚያውቀው አንድ የቀበሌ ሰው ከሆነ፣ ገበሬው ድምፁን ሲሰጥ የልጆቹን ቀለብ ማሰቡ አይቀርም። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የእርዳታ እህልና ማዳበሪያ ለፓርቲ ድጋፍ መግዣ ውሏል ሲል ክስ አቅርቧል፤ መንግሥትም አስተባብሏል። ማንም ምን ይበል፣ ጥርጣሬውን ከሥሩ መንቀል የሚችለው የማኅበሩ መሪ ነው። የተረጂዎችን ስም በጉባኤ ፊት ማንበብ፣ የምርጫውን መዝገብ ለምርጫ አስፈጻሚዎች ብቻ መተው፣ ማን ማንን እንደመረጠ አለመጠየቅ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

ወኪሉን መጠየቅም እንዲሁ ቀን አለው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ የእርሻና የአረም ጊዜ ስለሆነ የገበሬው ጥያቄ አስቀድሞ በሰኔ ሊሰናዳ ይገባል። መንገዱ፣ የመጠጥ ውሃው፣ የማዳበሪያው ዋጋ፣ የእርዳታው መዘግየት እየተለየ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ወኪሉ ሲመጣ ይሰጠው፤ በሚቀጥለው ሲመለስም ያው ቃለ ጉባኤ ተነቦ መልሱ ይጠየቅ። ካልመጣም አለመምጣቱ ከነቀኑ ይመዝገብ።

የላስታ ገበሬ አስቀድሞ በሹም፣ ቀጥሎ በንብረት፣ ከዚያም በፓርቲ በኩል ሲወከል ኖሯል። ወኪሉ በቀጥታ ለመራጩ እንዲጠየቅ የሚያደርገው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን መዝግቦ የሚይዝና መልሱን የሚከታተል የማኅበር መሪም ያስፈልጋል።