የጀልባ ወለል በምን ይታጠብ?

ንጽሕናን የሚጠላ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን አረፋው የበዛውንና ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቀውን ሳሙና «ኀይለኛ ነው» ብለን እናመሰግናለን እንጂ ኀይሉ በእድፉ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሌላም ላይ ብለን አንመረምርም። ይህ ጥያቄ በጣና፥ በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚያጥበውንና የሚያሳጥበውን ሰው ከሁሉ ይልቅ ይመለከታል። የቤት እጣቢ በቦይ ተጉዞ ከዐይን ይሰወራል፤ የጀልባ ወለል እጣቢ ግን ወዲያውኑ ከሐይቁ ይገባል።

በመጀመሪያ ወለሉ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያሻል። ብረት በበረኪና ቶሎ ይዝጋል። አሉሚኒየምን ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል። የፋይበርግላስን ልስላሴ ሻካራ መፈግፈጊያ ይጭረዋል። ቲክ የሚባለው የመርከብ እንጨትም በኀይለኛ አሲድ ሲታሽ ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን ለስላሳው ክፍሉ እየተበላ ይሄዳል። የቀድሞ መርከበኞች ወለሉን በድንጋይ ይፈገፍጉ ነበር፤ የአሜሪካ የባሕር ኀይል ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ይህን ልማድ ከለከለ። ፍግፈጋው እንጨቱን እየጨረሰ ወጪ አብዝቶ ነበርና ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለ ሆኑ ነገሩ ታላቅ ተስፋ ሰጠ። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ትምህርት አለው። እንዶድ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ሳሙና ሆኖ ሳለ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነውና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር አያስተማምንም። «በቶሎ ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍም ቢሆን እስኪበሰብስ ድረስ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

የጣናን ሐይቅ እንመልከት። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ ሐይቁን እጅግ አስቸግሯል። ይህ አረም ናይትሮጅንና ፎስፌት ሲያገኝ ይፋፋል፤ ፎስፌት ደግሞ በአንዳንድ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ይገኛል። «የአንዲት ጀልባ እጣቢ ይህን ሁሉ ውሃ ምን ያደርገዋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ይበልጣል። ነገር ግን እርሻውንና ከተማውን ማስተካከል ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሳሙናን ለመለወጥ ግን አንድ ፊርማ ይበቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወለሉ ዕለት ዕለት ተጠርጎ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ቢታሽ አብዛኛው እድፍ ያለ ሳሙና ይለቃል። እንጨት ሲሆን ብሩሹ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ሳይሆን አቋርጦ ይሂድ። የፈሰሰ ዘይት በጨርቅ ወይም በሰጋቱራ ይነሣ፤ በሳሙና ሲታጠብ ይበተናል እንጂ አይጠፋም። ሳሙና የግድ ሲሆን ፎስፌትና ክሎሪን የሌለበት ለዘብ ያለ ሳሙና በጥቂቱ ይጨመር፤ ጀልባውም ወደ ምድር ተስቦ ከውሃው ራቅ ባለ ሥፍራ ቢታጠብ ይመረጣል። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ እንደሚያስነሣም ለአጣቢው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የግዥ ወረቀት የሚፈርም ወጣት ሹም «ሳሙና፥ አንድ ካርቶን» ብሎ ከማለፍ ይልቅ በውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቅ። የጀልባውን ዕድሜ የሚያሳጥር ሳሙና ዋጋው ቢያንስም ርካሽ አይደለም። ተማሪም የኬሚስትሪ ትምህርቱን ለፈተና ብቻ አያስቀምጠው፤ ካርቶኑን ገልብጦ ያንብብ፥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውንም ለአጣቢው ያስረዳው። ወለሉን አጽድቶ ውሃውን የሚያሳድፍ ሰው እድፉን ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አላጸዳም።