ስለ ቤት እሳት አያያዝ

በወላይታ አገር በአረካ የክረምቱ ዝናም በበረታ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ምድጃው ይሰበሰባል። ምድጃውን በየጊዜው የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ዐመዱ በየማለዳው ካልተጠረገ እሳቱ አየር ያጥረዋል፤ ሙቀቱ ያንሳል፤ ጢሱም ይበዛል። የተሰነጠቀውንም ጭድ በገባበት ጭቃ መምረግ ይገባል። በሣር ቤት ደግሞ ከጣራው ሥር የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ ማራገፍ ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ ከያዘው ወደ ሣሩ ይተላለፋልና። ጢሱ ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል የሚሉት ሽማግሌዎች አልተሳሳቱም፤ ዳሩ ግን የሕፃናቱ ሳንባ ሣር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋን የከሰሉ ማንደጃ ነው። ከሰል ከጋመ በኋላ ጢስ ስለሌለው ብዙ ሰው ደኅና መስሎት ወደ መኝታ ቤት ያገባዋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚከለክል የተኛው ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አይበቃም። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ከመኝታ በፊት ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ እንዲያወጡ እናሳስባለን። ከቤተ ሰቡ አንዱን ራሱን ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው፥ ሁሉም ወዲያው ወደ ነፋሻ ስፍራ ይውጣ፤ የታመመውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።