ዑዝር ማቃለያ ነው እንጂ በር መዝጊያ አይደለም!



ውድ የአሰላና የአርሲ ወጣቶች! ጁሙዓ ሰግደን ስንወጣ በር ላይ የሚቀመጡትን ዓይነ ስውራንና እግራቸው የተጎዳ ወገኖቻችንን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሳንቲም እንሰጣለን፣ ዱዓ ይደረግልናል፣ ቀልባችን ረክቶ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ እነዚህ ሰዎች ልጅ ሳሉ የት ነበሩ? መድረሳ ከጎናችሁ ተቀምጠው "አሊፍ፣ ባ፣ ታ" ሲሉ ታስታውሳላችሁ? ትምህርት ቤትስ አብረዋችሁ ነበሩ? የብዙዎቻችሁ መልስ "አይ" እንደሚሆን አውቃለሁ። ብዙዎቹ ዛሬ በመስጂዱ በር ላይ የተቀመጡት ያኔ በመድረሳውም በትምህርት ቤቱም በር ስላልገቡ ነው።

እኛ ዘንድ አንድ የተለመደ ቃል አለ፦ "ዑዝር አለበት፣ አላህ አይጠይቀውም፣ ተዉት።" ተናጋሪው ያዘነ ይመስለዋል። በእርግጥ ሸሪዓችን ለታመመና ለአካል ጉዳተኛ ብዙ ነገር አቃሏል። ግን እንዴት እንዳቃለለ አስተውሉ! መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይስገድ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ ይስገድ ተባለ እንጂ ሶላቱ ይቅርበት አልተባለም። የተቀየረው አሰጋገዱ ነው። ዛሬ "አካቶ ትምህርት" የሚባለው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ልጁ እንደ ሌላው መማር ካልቻለ ትምህርቱ አይቅርበት፣ የማስተማሪያው መንገድ ይቀየርለት። ዑዝሩ ለልጁ የተሰጠ እዝነት ነው። ለአባት፣ ለኡስታዝና ለጀማዓው የተሰጠ ማምለጫ አይደለም!

የሱረቱ ዐበሰን መውረጃ ምክንያት የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመጣው ዳቦ ሊለምን አልነበረም፣ ሊማር ነው። በዚያች ሰዓት ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ተይዘው ፊታቸውን ቢያዞሩ ከሰባት ሰማይ በላይ ወቀሳ ወረደ። ነቢዩ በዚህ ከተወቀሱ፣ የመማር ፍላጎት ይዞ የመጣን ልጅ ከበር የሚመልስ መድረሳ ምን ይባል? ይህ ሰሓባ ኋላ ከቢላል ጋር ሙአዚን ሆነ። ረሱል ለጉዞ ሲወጡም መዲናን በተደጋጋሚ ለእርሱ አደራ ሰጥተዋል። የሚመራኝ ሰው የለኝምና ቤቴ ልስገድ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ደግሞ አዛን ይሰማ እንደሆነ ጠየቁት፣ እሰማለሁ ሲል እንዲመጣ አዘዙት። እኛ ብንሆን "አንተማ አትድከም፣ ቤትህ ሁን" እንለው ነበር!

ከታቢዒዮችም ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕን ተመልከቱ። እግሩ የተጎዳ ነበር፣ በኋላም ዓይኑ ጠፋ። ይህ ሰው የመካ ሙፍቲ ነበር። ያኔ "ተዉት፣ ዑዝር አለበት" ተብሎ ቢሆን ኡማው ምን ያህል ዒልም ባጣ ነበር!

ሌላው በሽታችን ሁሉን ነገር "ጂን ነው" ማለት ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከአንዱ ሩቅያ ወደ ሌላው ሲዞር የመማሪያ ዕድሜው ያልፋል። ሩቅያ ሐቅ ነው፣ ግን ሩቅያ ትምህርት ቤትን አይተካም። መስማት የተሳነው ሕፃንም በጊዜ የምልክት ቋንቋ ካላገኘ ሐሳቡን የሚገልጥበት ቋንቋ ሳይኖረው ያድጋል። ከዚያ እኛው "አይገባውም" እንለዋለን። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ሕፃንም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪም ጋ ከደረሰ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ቀደር ነው ብሎ ጓዳ ውስጥ ማስቀመጥ ተወኩል አይደለም። ግመሉን ሳያስሩ ተወከልኩ ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር ልምጣ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሻሸመኔ ካቶሊኮች የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አላቸው። ሆሳዕና ላይ መካነ ኢየሱስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታለች። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ የተማረችው በዚያው ሻሸመኔ ነው። የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። አንዳንድ ወንድሞች "ልጆቻችን ለምን የሌላ እምነት ተቋም ይሄዳሉ?" ብለው ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ። መልሴ ጥያቄ ነው፦ እኛ ምን ሠርተን ነው? በመድረሳችን የብሬል ቁርኣን አለ? ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ የዐረብኛውም እንደ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አንዱን የለመደ ጣት ለሌላው እንግዳ አይሆንም። የጎደለን ገንዘብ ነው እንዳትሉኝ፣ ለምንጣፍ፣ ለድምፅ ማጉያና ለሚናራ ስናዋጣ አይተናል። ሚናራው ረዘመ፣ የመግቢያው ደረጃም በዛ፣ ዊልቸር ያለው ወንድማችን ግን ውጭ ቀረ!

"የመንግሥት ሥራ ነው" የሚልም አለ። አዎ፣ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ ስምምነቱም አካቶ ትምህርትን መብት ያደርገዋል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። መብቱን ከወረዳው እንጠይቅ። ነገር ግን ጓዳ ውስጥ የተደበቀን ልጅ ወረዳው አያየውም። ጎረቤቱ ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ!

አንደኛ፦ በየሰፈራችሁ ቤት የቀረ ልጅ ካለ እወቁ። ወላጆቹን በአደብ አናግሩ፣ ለምዝገባ አብራችኋቸው ሂዱ።

ሁለተኛ፦ ከመካከላችሁ ሁለት ሦስት ሰው የምልክት ቋንቋ ይማር። ኹጥባውን የሚተረጉም ይኑር።

ሦስተኛ፦ የመስጂድ ኮሚቴያችሁን ጠይቁ፦ ዊልቸር የሚገባበት መንገድ የት አለ? ውዱእ ማድረጊያውስ?

አራተኛ፦ ሰውን በጉዳቱ መጥራት አቁሙ። ሱረቱል ሑጁራት መሳለቅንና መጥፎ ቅጽል ስም ማውጣትን ከልክሏል።

ለማኝ ሲሆን ሶደቃ የምንሰጠው ሰው ልጅ ሳለ የነፈግነው ሐቁን ነው። ሐቅ ደግሞ በሶደቃ አይከፈልም።

አላህ (ሱ.ወ) ሰምተው ከሚሠሩት ያድርገን። ይህን ለመድረሳ ኡስታዞችና ለወላጆች አድርሱልን፣ ሼር አድርጉት።